በሁዳዴ የወረደች ፍየል

«በሁዳዴ መካከል ፍየል የሚበላ ማን ነው? እስቲ ንገሪኝ!»

የአይሱዙ ሹፌሩ አያ ተክለ ጊዮርጊስ ይህን ጥያቄ የሱቄን መዝጊያ ተደግፎ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ተጠያቂ አልነበርኩም። ጠዋት አዘዞ ላይ ሚኒባስ ለሚጠብቁት ጠይቋቸዋል፤ ፒያሳ ላይ ጫማውን ለሚጠርግለት ሊስትሮ ጠይቆታል፤ ደባርቅና ዛሪማ ላይ የጠየቀው ሰውማ ቁጥር የለውም። መልስ አይጠብቅም። ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል።

«እስላም ነዋ! ሽፍታው ይበልጣል እንሶስላ ገደል ውስጥ እንግዳ አስገብቷል። ከበረሃ ማዶ የመጡ አሸባሪዎች። ጺማቸው እስከዚህ!» ብሎ እጁን እምብርቱ ላይ አሳረፈ። ባለፈው ሳምንት ጺሙ ደረት ላይ ነበር የቆመው።

«እኔም እኮ እስላም ነኝ፣ አያ ተክለ ጊዮርጊስ።»

«አንቺማ የጎንደር እስላም ነሽ! የኛ ነሽ!» አለኝ፤ ያመሰገነኝ መስሎት።

ነገሩ በ2004 ዓ.ም. ነው። ፈህሚያ እባላለሁ። አዲስ ዓለም ሰፈር አባታችን የተወልንን የጨርቅ ሱቅ የማስተዳድር እኔ ነኝ። አባቴ ሲሞት ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤቱን ተውኩት እንጂ ትምህርቱን አልተውኩትም፤ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ሰዎች ማንም የማይገዛውን ለእኔ ያስቀምጡልኛል። የወንጀል ሕጉን ሳይቀር ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ይህን የምናገረው ለጉራ ነው። ጉራ እንደሚያምርብኝም አውቃለሁ።

ወንድሜ ቡሽራ ታናሼ ነው። ጨርቅና የላስቲክ ጫማ ጭኖ ከገበያ ገበያ ይዞራል፤ የሚጭነውም የአያ ተክለ ጊዮርጊስ አይሱዙ ላይ ነበር። ጥር ላይ ከዛሪማ ገበያ ሲመለሱ፣ የሊማሊሞን ዳገት ሳይጀምሩ፣ ታጣቂዎች መንገዱ ላይ ድንጋይ ደርድረው አስቆሟቸው። ሁሉንም በግንባራቸው አስተኝተው ከየት እንደመጡ ጠየቁ። ሌላውን ለቀቁት። ቡሽራን እጁን የፊጥኝ አስረው ወደ ገደሉ ይዘውት ወረዱ። ለአያ ተክለ ጊዮርጊስ ያስያዙት መልእክት አጭር ነው፤ «የይበልጣል ወንድም ከጎንደር ወህኒ ቤት ሲወጣ ይኼም ይወጣል።»

ለምን ቡሽራን? የከተማ ነጋዴ ስለሆነ። ገደል ውስጥ ሆነው ሲያዩት የከተማ ነጋዴ ሁሉ ዳኛ የሚያውቅ፣ ቁልፍ ያለው ይመስላቸዋል። እኛ ዳኛን የምናውቀው ካባ ሊያሰፋ ጥቁር ጨርቅ ከኛ ሲገዛ ብቻ ነው።

ይበልጣል በመሬት ጠብ ሰው ገድሎ የሸፈተ የወይራ አፋፍ ገበሬ ነበር። እንዲህ ያለ ሽፍታ በኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ጥቂት ዓመት ይሸፍታል፣ ሽማግሌ ይገባበታል፣ ደም ይደርቃል፣ ያበቃል። ይበልጣልን ልዩ ያደረገው የተደበቀበት ቦታ ነው። ሁለት ዓመት ማንም ሳይነካው ሲቀር ወሬው ተሰማ፤ መጠጊያ ያጣ ሁሉ ወደዚያ ወረደ። ከወህኒ ያመለጠ ገባ። ፈንጂ መቅበር የተማረ የድሮ ወታደር ገባ። እሱ ከገባ በኋላ የመንገድ ሥራ መኪና በፈንጂ ጋየ፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ቦምብ ተወርውሮ አንዲት መምህርትና ሁለት ገበሬዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ የሚጠራ ቀበሌ ጠፋ። ግብር የሚጠይቅም ጠፋ።

ቡሽራ በተያዘ ሰሞን ወደ ላይኛው ወረዳ ሄድኩ። የጸጥታው ኃላፊ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ካርታ በእስክሪብቶው እየጠቆመ፣ «ድንበሩ ወንዙ ነው። ዋሻው ከወንዙ ማዶ ነው። የታችኛውን ወረዳ ጠይቂ» አለኝ። የታችኛው ወረዳ ወረድኩ። እዚያ ያለው ኃላፊ ካርታም አልፈለገም። «የኛ ካርታ የተነሣው በክረምት ነው። በክረምት ዋሻው የነሱ ነው» አለኝ።

ሁለቱም አልዋሹም። የእንሶስላ ወንዝ ሁለት መንገድ አለው። በበጋ ከላይኛው ወረዳ ሥር ይሄዳል፤ ክረምት ሲገባ ዳሩን ሰብሮ በታችኛው በኩል ይወርዳል። የይበልጣል ዋሻ በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ በበጋ የአንዱ ወረዳ ነው፣ በክረምት የሌላው ነው፤ የታገተ ሰው ይዘሽ ስትመጪ ደግሞ የማንም አይደለም። ሁለቱ ወረዳዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ደብዳቤ እንደሚጻጻፉ ነገሩኝ። ይበልጣል ግን ደብዳቤ አይጽፍም።

እና አሁን፣ በሁዳዴ፣ ፍየሏ መጣች።

«ማን ነው ያያት?» አልኩት አያ ተክለ ጊዮርጊስን።

«የዛሪማ ገበያ ሰው ሁሉ። አንዲት የወይራ አፋፍ ሴት ፍየል ገዝታ ወደ ገደሉ ትነዳለች። ገደሉ ጫፍ ተቀባይ አለ። ደግሞ ስሚ፣ እዚያው ዛሪማ ካለው ሸማኔ የእስላም ቢላ ተውሳለች! ‹የእናንተን እርድ አንበላም፣ ከነነፍሷ አምጡ› ብለዋል አሉ። የይበልጣል ሰዎች እንደሆኑ ጿሚ ናቸው።»

ይህ እውነት ነው። ሰው ያግታሉ፣ ቦምብ ይወረውራሉ፤ ጾም ግን አይገድፉም።

«በየስንት ጊዜው ነው የምትወርደው?»

«በሁለት ሳምንት አንዴ።»

«ጺማቸው እስከ እምብርት የደረሰ ስንት ናቸው፣ ለሁለት ሳምንት አንዲት ፍየል የምትበቃቸው?»

አሰበ። «ያብቃቁታላ!» አለ።

«አያ ተክለ ጊዮርጊስ! እዚያ ገደል ውስጥ ጾም የሌለበት አንድ ሰው አለ። በመኪናህ ጭነህ የወሰድከው!»

መዝጊያውን ለቀቀ። ቁጭ የሚልበት ፈለገና ጣቃው ላይ ተቀመጠ፤ በሌላ ቀን ቢሆን በጨርቄ ላይ ሲቀመጥ ዝም አልለውም ነበር። «ማርያምን!» አለ። «ቡሽራ! በሕይወት አለ ማለት ነው እኮ!»

አዎ፣ በሕይወት አለ። ለሁለት ወር ያጣሁትን ወሬ ያመጣልኝ ይህ ወሬኛ ነው። ከዚያም በላይ ነበር። በኛ አገር እስላም እንግዳ ቤቱ የመጣበት ክርስቲያን ቢላና በግ አቅርቦ «እንደ ሃይማኖትህ እረድ» ይላል፤ እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። ቢላ የተዋሱለት ሰው እንግዳ ነው። እስረኛ ቢሆንም የከበረ እስረኛ ነው። ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ከኋላ ወዳለው ቤታችን ስገባ የተረጎምኩት እንዲህ ነው፤ በደንብ ያዙት፣ አከበሩት፣ ጊዜ አለን።

እናቴ ዐዚዛ አዳመጠችኝ። አለቀሰች፣ ሱጁድ ወረደች፣ ተነሣችና ዓይኗን ጠርጋ፣ «ፍየል?» አለች። «የእኔ ልጅ ፍየል?»

ቡሽራ የፍየል ሥጋ አይበላም። ከልጅነቱ ጀምሮ ይሸተኛል ይላል። ዒድ ላይ ፍየል የታረደ እንደሆነ እሱ ሽሮውን ይዞ ጥግ ይቀመጣል።

«እማ፣ ገደል ውስጥ እኮ ነው ያለው። ረሃብ ያስበላዋል።»

«ማስመጣቱ ካልቀረ በግ አምጡልኝ ይል ነበር።»

«ቆላ በግ የት አለና?»

ለሁሉም ነገር መልስ አለኝ። እናቴ ሌላ አልጠየቀችኝም።

ፍየሏ ለእኛ የምሥራች ሆና ስትመጣ ለሌሎች ሌላ ነገር ሆና ቀድማ ደርሳለች። በሳምንቱ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተጠራሁ። የምን መሥሪያ ቤት እንደሆነ በሩ ላይ አልተጻፈም፤ እኔም አልጽፈውም። ዘመኑ የፀረ ሽብር አዋጁ ሥራ የያዘበት፣ ጁምዓ ሶላት ወጥቶ ትንሽ የዘገየ ልጅን እናቱ በር ላይ ቆማ የምትጠብቅበት ነበር። የተቀበለኝ መኮንን ወንበር ሰጠኝ፤ ሻይም አስመጣልኝ። ሻይ የሚጋብዝ መርማሪ እንደማልወድ ያን ቀን አወቅሁ።

«ወንድምሽ ታግቶ ነው ወይስ ተቀላቅሎ?»

«በግንባሩ ተደፍቶ፣ የፊጥኝ ታስሮ ነው የተወሰደው። ሲቀላቀሉ እንዲህ ነው እንዴ?»

«ምስክር አለሽ?»

«ሹፌሩ።»

«ሹፌሩም በግንባሩ ተኝቶ ነበር አሉ። ምን አየ?» መልስ አልጠበቀም። «ገደሉ ውስጥ ከውጭ የገቡ አክራሪዎች እንዳሉ መረጃ አለን። ምግባቸውን ለይተው የሚያስገቡ።»

«መረጃችሁ ፍየል ናት።»

ደነገጠ መሰለኝ፤ ሻዩን ማማሰል ጀመረ። እኔም ነገርኩት። ፍየሏ የወንድሜ እንደሆነች፣ በሁለት ሳምንት አንዴ እንደምትወርድ፣ የአንድ ሰው ቀለብ እንደሆነች፣ አንድ በአንድ አስረዳሁት። ከአራተኛ ክፍል ልጅ ጋር የሚነጋገር አስተማሪ ይመስል ታግሦ ሰማኝ።

«ይህ ያንቺ ግምት ነው» አለ። «እኛ በግምት አንሠራም። ከፋሲካ በኋላ ገደሉ ይጸዳል።»

«ወንድሜስ?»

«ንጹሕ ከሆነ ይለያል።»

«ማን ነው የሚለየው? ጥይቱ?»

«አፍሽ ሰፊ ነው፣ ልጅት።»

«ሁለት ወር ሙሉ ሁለት ወረዳ ላይ ስጮህ የሰፋ ነው፣ ጌታዬ።»

ሻዩን ሳልነካ ወጣሁ። ነገሩን መንገድ ላይ ደጋግሜ አሰብኩት። ሰው ሲታገት ያልተነሣ ጦር በፍየል ሊነሣ ነው። መነሣቱን አልጠላሁም። ግን በዚያ ገደል ውስጥ ያለ እስላም ሁሉ አሸባሪ ነው ብሎ የሚገባ ወታደር፣ ዋሻ አፍ ላይ ጺሙን ሁለት ወር ያልተላጨ ቡሽራ የሚባል ልጅ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም። ጦሩን ማስቆም አልችልም። ጦሩን ያስነሣችውን ፍየል ማስቆም ግን እችላለሁ።

እናቴ ከእስላም ሥጋ ቤት የበሬ ሥጋ ገዝታ ቋንጣ ሰቀለች። ቡሽራ ለበሬ ቋንጣ ነፍሱን ይሰጣል፤ ከገመዱ ላይ እየሰረቀ ሲበላ ስንት ጊዜ በእርግጫ አባርሬዋለሁ። ሲደርቅ በከረጢት ሞልተን አሰርነው። አያ ተክለ ጊዮርጊስ በነጻ አሳፈረኝ። ሊማሊሞን ስንወርድ እንኳ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ይህ ደግሞ ለእሱ ከነዳጁ የበለጠ ወጪ ነው።

ዛሪማ ገበያ ውስጥ ቢላውን ያዋሰውን ሸማኔ አገኘሁት፤ እሱ ደግሞ ሴትዮዋን በአገጩ አሳየኝ። ጨው ሻጭ ፊት ቆመው በዋጋ ይከራከራሉ። ጠና ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሴት ናቸው፤ ወለተ ሚካኤል ይባላሉ። አንዲት ቀይ ፍየል በገመድ ይዘዋል።

«ፍየሏ ለማን ናት፣ እትዬ?»

«ለክርስትና» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«በሁዳዴ?»

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ሳቃቸው መጣባቸው መሰለኝ፣ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የቡሽራ እህት ነኝ።»

ጨዉን ተዉት። እጄን ይዘው ከገበያው ዳር፣ ከቅንጭብ አጥሩ ጀርባ ወሰዱኝ፤ ፍየሏም ከኋላችን ተጎተተች።

«ምነው ልጄ፣ ብቻሽን መጣሽ? ሸጋ ልጅ ነው አሉ ወንድምሽ። እኔ አላየሁትም። ገደሉ ጫፍ ካለው ሾላ ሥር አስረክቤ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ መርገጥ ክልክል ነው።»

«ማን ከለከለዎት?»

«ይበልጣል ነዋ። ሌላ ማን አለ?»

ይህን ያሉት «ዛሬ ምን ቀን ነው» ሲባል እንደሚመለስ ዓይነት ነው። ንዴት ያዘኝ። «ለምንድነው የምትቀልቧቸው? ፈርታችሁ ነው?»

«ፍርሃቱስ አይቀር። ግን ስሚ፤ ባለቤቴ ሲሞት ወንድሞቹ መሬቴን ነጠቁኝ። አራት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለስሁ። ዳኛው የለም፣ መዝገቡ የለም፣ ስብሰባ ነው፣ ለሰኔ ነይ፣ ለኅዳር ነይ። መንግሥት ቀጠሮ ሰጠኝ፤ ይበልጣል መሬቴን ሰጠኝ። በአንድ ቀን! ሾላው ሥር ቁጭ ብሎ፣ ሁለታችንን አፋጥጦ ጠይቆ። ዛሬ ጤፍ የምዘራበት መሬት ነው። አንቺ ብትሆኚ ለማን ትቀልቢ?»

«ቀበሌ ስብሰባ ላይ የሞተችው መምህርትስ? እሷስ የማን ልጅ ናት?»

«የኔን ልጅ ፊደል ያስቆጠረች ናት» አሉ። የፍየሏን ገመድ በእጃቸው ጠቀለሉት። «አለቀስሁላት። ቀበርናት። በማግሥቱ ቀለብ የማውረድ ተራው የኔ ነበር፤ ወሰድሁ።»

ስለ ጦሩ ነገርኳቸው። አገሬው ፍየሏን አይቶ ምን እያለ እንደሆነ፣ ወሬው ጎንደር ደርሶ ምን ሆኖ እንደተመለሰ ነገርኳቸው። ወታደር ሲመጣ ወይራ አፋፍን ረግጦ ነው የሚወርደው፤ እሱን መንገር አላስፈለገኝም፣ ፊታቸው ሲጠቁር አየሁት።

«ምን ይሁን ታዲያ?»

ከረጢቱን ፈታሁላቸው። «ይህ የእስላም እርድ ነው። እናቱ ናት ያዘጋጀችው። ይህን ያውርዱለት፤ ሲያልቅ ሌላ አመጣለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ፍየል እንዳትወርድ። ሰዉ የሚያየው ፍየል ከሌለ ወሬው ይሞታል።»

ቋንጣውን አሸተቱ፤ ጾመኛ ስለሆኑ ቶሎ ብለው ፊታቸውን መለሱ። «ፍየሏን እኮ ራሱ ነው የሚጠይቅ» አሉ። «አጥብቆ ነው የሚጠይቅ። ‹በቁሟ ካልመጣች እህል አልቀምስም› ብሎ ሁለት ቀን ጦሙን አድሯል አሉ። የይበልጣል ሰዎችም ቢሞትብን መያዣ አይኖረንም ብለው ነው እሺ ያሉት።»

«ሃይማኖቱን ስለሚያከብር ነው፣ እትዬ። ሐራም ላለመብላት ነው። የእናቱን ቋንጣ ካየ ፍየል አይልም። የላከችው ፈህሚያ ናት ብለው ይላኩበት። ትንሽ ታገሥ ብላሃለች ይበሉት።»

«እንግዲህ እህቱ እስካልሽ» አሉ። ፍየሏን እዚያው ገበያ መልሰው ሸጧት።

ተሳካ። ይህን የምጽፈው ተሳክቶ ስለነበር ነው። ፍየል ያላየ ገበያተኛ ስለ ፍየል ማውራት ሰለቸው። አያ ተክለ ጊዮርጊስ ራሱ የጀመረውን ወሬ ራሱ እየዞረ ሲቀብር ከረመ። «ወጥተዋል አሉ እኮ! በማዶ በኩል፣ በሌሊት» ይላል፤ «አልነበሩም» ማለት ስለማይሆንለት ማስወጣት ነበረበት። ጺማቸውም ወደ ደረት ተመለሰ። ፋሲካ አለፈ፤ ጦር አልመጣም። ያ መኮንን በሱቄ በኩል ሲያልፍ አይቶኝ ቆመ። «ገደሉ መደበኛ የወንጀል ጉዳይ ሆኗል፤ ወደ ወረዳ መልሰነዋል» አለኝ።

«የትኛው ወረዳ?» አልኩት።

ሄደ።

እኔም ወደ ሽምግልናው ዞርኩ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ዐብዱልከሪምና አንድ የወይራ አፋፍ ቄስ አንድ ላይ ሆነው ለይበልጣል መልእክት ላኩ። መልስ መጣ፤ ጥሩ መልስ ነው፤ «ከመስከረም በኋላ እንነጋገራለን።» ሁለት ጊዜ ደግሜ ቋንጣ ላክሁ። ቡሽራ ምን አለ ብዬ በሸማኔው በኩል ሳስጠይቅ፣ «ምንም አላለም፣ ይበላል» ተባልኩ። ይበላል! እናቴን እየደነስኩ ነው የነገርኳት።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ወንዙ ወደ ክረምት መንገዱ ሲዞር የይበልጣል ሰዎችም እንደየዓመቱ ዋሻውን ለቀው ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ ወረዳው ሲለወጥ አብረው ይለወጣሉ ማለት ነው። ዘንድሮ ውኃው ቀደማቸው። ከዛፍ ወደ ዛፍ ገመድ ዘረጉ፤ ውኃው ደረት ይደርስ ነበር አሉ። ገመዱን የያዙት ተሻገሩ።

ቡሽራን ከታች ውኃ ሲቀዱ የነበሩ ሴቶች አገኙት። አስከሬኑን ለማምጣት የሄደው አጎቴ ዐብዱልከሪም ነው። የላይኛው ወረዳ ኃላፊ በመጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ፣ «ከወንዙ በየትኛው ዳር ነው የተገኘው?» የሚል ነበር። አጎቴ በሕይወቱ ሰው ተሳድቦ አያውቅም። ያን ቀን ምን እንዳለ እስከዛሬ አይነግረኝም።

አጥበው ከፍነው ጎንደር ቀበርነው። ያጠቡት አጎቴና ሁለት የመስጊድ ሰዎች ናቸው። ከቀብር መልስ አጎቴ ወደ ጓዳ ጠራኝና በዝቅታ፣ «እጁ ታስሮ ነበር» አለኝ። «ገመዱ አንጓው ላይ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። የሰሞኑ አይደለም። ለእናትሽ አትንገሪ።»

አልነገርኩም።

መስከረም ላይ፣ እንደተባለው፣ ይበልጣል ተነጋገረ። ከመንግሥት ጋር ነው የተነጋገረው። ሽማግሌ ገባ፣ ቃል ተገባ፣ ምሕረት ተደረገለት። ጠመንጃውን አስረከበና በማግሥቱ ፊርማ አስፈርመው መለሱለት፤ የወይራ አፋፍ ሚሊሻ አዛዥ ሆነ። የሁለቱን ወረዳዎች ድንበር የሚጠብቅ አሁን እሱ ነው። ድንበሩ የት እንደሆነ በርግጠኝነት የሚያውቅም እሱ ብቻ ስለሆነ ሹመቱ ስሕተት ነው ማለት አልችልም። ፈንጂ ቀባሪው ግን ምሕረቱን አልተቀበለም፤ ሌላ ገደል ፈልጎ ሄደ። አይቸገርም፤ ገደል ሞልቷል። የይበልጣል ወንድምም ከወህኒ ወጣ። ቡሽራ የተያዘበት ጉዳይ ተፈጸመ።

ጥቅምት ላይ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ እትዬ ወለተ ሚካኤል ሱቄ መጡ። ለልቅሶ ነው የመጡት፤ ውኃው ሞልቶ ነው የዘገየሁ አሉ። አውቶቡስ ላይ ስላስመለሳቸው ፊታቸው ገርጥቷል። ጣቃው ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ውኃ ሰጠኋቸው። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ተያይዘው አለቀሱ፤ እሷ «ያ ረቢ!» ትላለች፣ እሳቸው «ወይኔ ሚካኤል!» ይላሉ። ከዚያ እናቴ ምሳ ልትሠራ ገባች።

እትዬ ወለተ ሚካኤል ከመቀነታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ቢላው ነው። እጀታው በገመድ የተጠመጠመ አሮጌ ቢላ።

«ለሸማኔው ብመልስ እምቢ አለኝ» አሉ። «የሟች እጅ ያረፈበት ነው፣ ለቤተሰቡ ስጭ አለኝ።»

ተቀበልኳቸው። ምን እንደማደርገው ስላላወቅሁ መቀሱ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ሥጋ ግን ምነው አልያዘው?» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «ያገኙት ሴቶች አጥንቱ ወጥቶ ነበር ይላሉ። በዚያ ሁሉ ፍየል! ይኸ ነገር ሲከነክነኝ ከረመና ይበልጣልን ጠየቅሁት። አሁን ሹም አይዶል? ይጠየቃል።»

«ምን አለዎት?»

«ፍየሏን አንድ ቀን አልቀመሳት አለኝ። አርዶ፣ ገፎ፣ ብልት በብልት አውጥቶ ለአሞራ ይጥላት ነበር። ቀስ ብሎ ነው አሉ የሚያርድ፤ ጧት ጀምሮ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ይገፋል፤ እየገፈፈ ዳገቱን ቀና ብሎ ያያል። ኋላ ግን ቋንጣው መጣ፤ ያ ደግሞ በጉርሻ ነው የሚሰጥ።»

ጓዳ ውስጥ እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። እትዬ ወለተ ሚካኤል ውኃቸውን ጨረሱና ብርጭቆውን መለሱልኝ።

«ገመዱን ከእጁ የሚፈቱለት ፍየል ሲያርድ ብቻ ነበር አለኝ።»